ቤት በአጥሩ አያልቅም

ነሐሴ ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ ካደረ፣ በማግስቱ የአቃቂን ድልድይ የምሻገረው ቀስ ብዬ ነው። ቆም እልና ወንዙን አያለሁ። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ፣ የተሰበረ የአርማታ ማቀፊያ ጣውላ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ የአንድ እግር ጫማ፣ አልፎ አልፎም ሥሩ የተመዘዘ ዛፍ እየተገለባበጠ ይወርዳል። እናቴ ልጅ ሳለች በዚሁ ወንዝ ዳር ነጠላዋን አጥባ፣ ጥቁር ድንጋይ ላይ አስጥታ፣ እስኪደርቅ ድረስ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ ትጠብቅ ነበር። እኔ ግን ዛሬ ልጄ ያንን ውሃ በእጇ እንድትነካው እንኳ አልፈቅድላትም።

ተወልጄ ያደግሁት አቃቂ በሰቃ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር በእኛ በኩል ነው ያለፈው፤ ፋብሪካዎችም ይህንኑ መስመር ተከትለው ተተከሉ። እናቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፣ አባቴ ግንበኛ። እኔ የሕንፃ መሐንዲስ ሆንኩ፤ በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ስለ ግንባታ የማውቀውን ግማሹን የተማርኩት በትምህርት ቤት ነው። ሌላውን ግማሽ ያስተማረኝ ሰፈሬ ያለበት ቦታ ነው።

ቦታው እንዲህ ነው። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ከእንጦጦና ከዙሪያው ከፍታዎች ተነሥተው፣ የከተማዋን ወንዞች እየሰበሰቡ፣ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። አዲስ አበባ አልጋ ብትሆን ራስጌዋ እንጦጦ ነው፣ ግርጌዋ እኛ ነን። ራስጌው የጣለውን ግርጌው ይቀበላል። በሌላ በኩል ደግሞ ከአቃቂ መሬት ሥር የሚወጣው የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ውሃ ጋር ሆኖ ከተማዋን ያጠጣል። ንጹሑ ውሃ ከእኛ ሽቅብ ይወጣል፣ ቆሻሻው ቁልቁል ወደ እኛ ይወርዳል።

እዚህ ያደገ ሰው አንድ ነገር ሳይነግሩት ይገባዋል፦ ቤት በአጥሩ አያልቅም። የቤቱ ጣሪያ የጣለው ውሃ፣ የመጸዳጃው ፍሳሽ፣ ከመሠረቱ ተቆፍሮ የወጣው አፈር፣ ለሲሚንቶው የተቃጠለው ድንጋይ ጭስ፣ ሁሉም ከአጥሩ ውጭ የሚያርፍበት ቦታ አለው። «ለአካባቢ ተስማሚ ሕንፃ» ሲባል ብዙ ሰው ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ የተደረደረበት ውድ ቤት ይታየዋል። እኔ የማውቀው ግን ተራ ሰው በተራ ገንዘብ ሊሠራው የሚችለውን ነው። እሱን ከመሬቱ ጀምሬ እስከ ሰዉ ድረስ ላስረዳ።

መሬቱን ጠይቂ

አቃቂ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ጥቁሩ አፈር ነው። ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ ይለዋል፣ የግንባታ ሰው «ብላክ ኮተን» ይለዋል። ለጤፍ የተባረከ ነው። ለመሠረት ግን አስቸጋሪ ነው፤ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ደርቆ መዳፍ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። የአፈሩ ቅንጣት እጅግ ስስ በሆኑ ገጾች የተነባበረ ነው፤ ውሃ በገጾቹ መካከል ሲገባ ይገፋፋቸዋል፣ ሲወጣ ይቀራረባሉ። በላዩ የተቀመጠው ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ይነሣል፣ አንድ ጊዜ ይወርዳል። ቤቱ እኩል ቢነሣና እኩል ቢወርድ ግድ የለም ነበር። ግን አንዱ ጥግ አሸንዳ ያፈሰሰበት ነው፣ ሌላው ደረቅ ነው፤ አንዱ ሲያብጥ ሌላው ባለበት ይቀራል። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄደው፣ በየሰፈራችን የምናየው ስንጥቅ ከዚህ ይመጣል።

አባቴ ሥራ ሲይዝ ሻንጣውን አስቀምጦ በመጀመሪያ ጎረቤት ይሄድ ነበር። የቆዩ ቤቶችን ጥግ ይዳስሳል፣ «ሰኔ ላይ ውሃው የት ይተኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ቁመቱን ያህል ጉድጓድ ያስቆፍራል። «መሬቱን ሳትጠይቂ ቤት አትሥሪ፤ አንቺ ብትረሺው እሱ አይረሳሽም» ይለኝ ነበር። በኋላ በትምህርት ያገኘሁት የአፈር ምርመራም ያንኑ የሚያደርግ ነው፣ በመሣሪያና በቁጥር። መፍትሔውም የታወቀ ነው፦ ጥቁሩን አፈር እስከ ጠንካራው መሬት አውጥቶ በገረጋንቲ መሙላትና በየደረጃው መጠቅጠቅ፣ ወይም መሠረቱን ክረምትና በጋ ከማይደርስበት ጥልቀት ላይ ማሳረፍ፤ በግድግዳው ዙሪያ ውሃ እንዳይተኛ መሬቱን ወደ ውጭ ማዘቅዘቅ፤ ባሕር ዛፍን የመሰለ ውሃ የሚጠጣ ትልቅ ዛፍ ከግድግዳ ሥር አለመትከል።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን የወጣው አፈር ነው። ገልባጭ መኪና ይመጣል፣ ይጫናል፣ ይሄዳል። ወዴት እንደሄደ ባለቤቱ አይጠይቅም። እኔ ወንዝ ዳር ተደፍቶ፣ በክረምት ታጥቦ ሲወርድ አይቻለሁ። ያ አፈር ለግንብ እንጂ ለጎመንና ለጤፍ ጠላት አይደለም፤ እንዲህ ለመሆን ብዙ ሺህ ዓመት ፈጅቶበታል። ግቢው ጥግ ከተቆለለ አትክልት ያበቅላል።

ጣሪያችሁ ስንት ጀሪካን ይሰጣል?

አሁን ወደ ላይ ቀና እንበል። ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ልጆችም ይሠሩታል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በእኛ አካባቢ በዓመት አንድ ሜትር ገደማ፣ ማለት 1,000 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ቤት በዓመት 60,000 ሊትር ይወርድበታል። በመርጨትና በመትነን አንድ አምስተኛው ይጥፋ እንበል፤ 48,000 ሊትር ይቀራል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ 2,400 ጀሪካን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ ከጣሪያ ወርዶ፣ የገዛ መሠረታችንን አርሶ፣ መንገዱን ቦርቡሮ ወደ ወንዝ ይሄዳል።

አሸንዳ፣ ቱቦና አንድ ሮቶ ሦስት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ። ውሃ ይሰጣሉ፤ ጥቁሩ አፈር እንዳያብጥ ግድግዳውን ከውሃ ያርቃሉ፤ ጎርፉንም ያቀላሉ። በአንድ ሌሊት 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከዚያው 60 ካሬ ጣሪያ ወደ 1,900 ሊትር ይያዛል። አንድ ሺህ ቤት እንዲህ ቢያደርግ ወደ ሁለት ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ውሃ በዚያ ሌሊት ወደ ወንዙ አልገባም ማለት ነው። ጎርፍን አደገኛ የሚያደርገው ውሃው ሁሉ በአንድ ሰዓት ተንደርድሮ መድረሱ ስለሆነ፣ ግርጌ ላሉት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጥንቃቄዎቹን ልጨምር። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚመጣ ወደ ሮቶ እንዳይገባ መጣል አለበት። የሮቶው አፍ በወንፊት ይሸፈን፤ ብርሃን አይግባበት፣ አለዚያ አረንጓዴ ይለብሳል። ውሃው ለልብስ፣ ለመጸዳጃ፣ ለአትክልትና ለግንባታ እንዳለ ይሆናል፤ ለመጠጥ ግን ሳይፈላ ወይም ሳይታከም አይሁን። አንዳንዱ የተረፈውን ውሃ ጉድጓድ ቆፍሮ ወደ መሬት ማስገባት ይመርጣል። በጥቁር አፈር ላይ ይህን ከቤት አጠገብ ማድረግ ቤቱን በራስ እጅ ማፍረስ ነው። ውሃውን ከግድግዳ አርቆ ወደ አትክልት መምራት ይሻላል።

ጥላችን ወዴት ይወድቃል?

አንድ ቀን በታኅሣሥ፣ እኩለ ቀን ላይ ደጅ ወጥታችሁ ጥላችሁን እዩ፤ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በሰኔ እንደገና እዩት፤ አጭር ሆኖ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆንን ፀሐይ በጋውን በደቡብ፣ በክረምት መግቢያ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ሁልጊዜ ከፍ ብላ ነው። ከፍ ያለች ፀሐይ 60 ወይም 70 ሳንቲ ሜትር ወጣ ባለ የጣሪያ ጫፍ በቀላሉ ትከለላለች። የምታስቸግረው ዝቅ ብላ የምትገባው የምዕራብ ፀሐይ ናት። ስለዚህ የእኛ አገር ቤት ትልልቅ መስኮቶቹን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ፣ መኝታውን ወደ ምሥራቅ ቢያደርግ የኅዳርን የጠዋት ብርድ ፀሐይዋ ትገፍፍለታለች። ወደ ምዕራብ ደግሞ ማዕድ ቤትና ዕቃ ቤት ወይም ዛፍ ይሁን።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ቀኗ የሚያቃጥል አይደለም፣ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። በዚህ አየር በደንብ የታሰበ ቤት ማቀዝቀዣም ማሞቂያም አያስፈልገውም። በየመንገዱ የምናያቸው ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሱ፣ መስኮታቸው የማይከፈት ሕንፃዎች ያንን ስጦታ መልሰው የጣሉ ናቸው። ከሰዓት በኋላ በውስጣቸው ያለው ሰው ላቡን ይጠርጋል፣ ማቀዝቀዣ ይገዛል፣ መብራት ሲጠፋ ደጅ ይወጣል።

የእኔ የልጅነት ቤት ቆርቆሮው ቀን ይግል ነበር፣ ሌሊት ደግሞ ብርዱን ያወርድብን ነበር። እናቴ ኮርኒሱን በአቡጀዲ ወጥራ በኖራ ቀብታው ነበር። በቆርቆሮውና በአቡጀዲው መካከል ያለው አየር እንደ ብርድ ልብስ ያገለግል እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። አባቴ ከጣሪያው ሥር በሁለቱም ጫፍ የተወው ክፍተት ደግሞ የጋለውን አየር ያስወጣል። ቡርኪናፋሶአዊው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ በትውልድ መንደሩ ጋንዶ፣ በ1993 ዓ.ም. ያለቀውን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሠራው በዚሁ ብልሃት ነው፦ ግድግዳው ከሸክላ አፈር ጡብ፣ በላዩ አየር የሚያስተላልፍ ኮርኒስ፣ ከዚያም ከፍ ብሎ የተቀመጠ የቆርቆሮ ጣሪያ። የመንደሩ ሰው በጉልበቱ አግዞ ነው የተሠራው። ኬሬ በ2014 ዓ.ም. የሥነ ሕንፃውን ዓለም ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን ሲቀበል፣ እኔ እናቴ የወጠረችውን አቡጀዲ አስታወስኩ።

ጭቃም ሲሚንቶም ቦታ አላቸው

«መሐንዲስ ሆነሽ ስለ ጭቃ ታወሪያለሽ?» የሚሉኝ አሉ። ጭቃ የድህነት ምልክት ተደርጎ ስለተቆጠረ ነው። እኔ ጭቃን የማውቀው እንደ ሙያ ነው። አባቴና ጓደኞቹ አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው፣ ውሃ እያጠጡ ቀናት ያሳድሩትና በእግራቸው ይረግጡት ነበር። ሳይቦካ የተመረገ ጭቃ ይሰነጠቃል። ጭዱ እንደ ፌሮ ነው፣ ጭቃው ሲደርቅ አያይዞ ይይዘዋል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ወስዶ ሌሊት ይመልሰዋል፤ ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ብርድ ለሆነ አገር የተሰጠ ነው።

ሲሚንቶ ግን ዋጋው በኪስ ብቻ አይከፈልም። የኖራ ድንጋይ በ1,450 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ተቃጥሎ ነው የሚሠራው፤ ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ውስጡ ያለውን ካርቦን ወደ አየር ይለቃል። ዓለም ወደ አየር ከምትለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 7 በመቶ ገደማው ከሲሚንቶ የሚመጣ ነው። ይህን የምለው ሲሚንቶ ይቅር ለማለት አይደለም። እኔም በየቀኑ አርማታ አስሞላለሁ። በማያስፈልግበት ቦታ አናፍስሰው ነው የምለው። አምድን ከአምድ ያለ ልክ ማራራቅ ወፍራም ቢምና ብዙ ፌሮ ይጠይቃል፤ ሲነደፍ በደንብ የታሰበ ሕንፃ ከመጀመሪያው ብዙ ኩንታል ያተርፋል።

ጭቃ የት እንደሚደርስ ማየት የፈለገ መካኒሳ ወደሚገኘው ዞማ ሙዚየም ይሂድ። አርቲስት ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የከፈቱት ይህ ግቢ ግድግዳው በጭቃና በጭድ፣ በአገር ባለሙያዎች እጅ የተሠራ ነው፤ የግድግዳው ገጽ በእጅ ተቀርጾ ሞገድ ይመስላል። አትክልት አለው፣ ሕፃናት ይማሩበታል። እዚያ ግቢ የጭቃ ግድግዳውን በእጄ ስዳብስ አባቴ ባየው ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ኢንስቲትዩት ግቢ፣ ልደታ፣ ደግሞ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ከስዊዘርላንድ የዙሪክ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት ለናሙና ተሠርቷል፤ ግድግዳው የተጠቀጠቀ አፈር ነው፣ ፎቁና ጣሪያው በስስ የአፈር ንጣፎች የተገነባ ቅስት ነው። ቅስት ክብደቱን ንጣፎቹን እርስ በርስ እያጨናነቀ ስለሚያወርድ ብዙ ፌሮ አይፈልግም።

ጭቃ ጠላቶች አሉት፤ መደበቅ አይገባም። ከታች የሚመጣ እርጥበትና ምስጥ ናቸው። ስለዚህ ግድግዳው ከመሬት ቢያንስ ጉልበት ያህል ከፍ ባለ የድንጋይ ግንብ ላይ ይቀመጥ፣ ጣሪያው ሰፋ ብሎ ይውጣ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ የከተማችን ቋሚና ማገር ሁሉ ከእሱ ነው፤ ግን መሬት ውስጥ የገባው ጫፍ ይበሰብሳል። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ተለምዷል። ዘይቱ ግን ወደ አፈርና ወደ ውሃ ይገባል። የቋሚውን ጫፍ በእሳት ለብለብ አድርጎ ድንጋይ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። በጭቃ ላይ ሲሚንቶ መለሰንም ስሕተት ነው፤ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ልስኑ በአንድ ክረምት ተላቅቆ ይወድቃል። ጭቃን የሚስማማው ጭቃና ኖራ ነው።

ከመጸዳጃ ቤት ወደ ጎመን

ስለ ፍሳሽ ማውራት ብዙ ሰው አይወድም። እኔ ግን አቃቂ ስላደግሁ ልዝለለው አልችልም። በቀን እስከ 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የማጣራት አቅም ያለው የቃሊቲ ማጣሪያ እዚሁ ክፍለ ከተማችን ውስጥ ነው። ወደ ማጣሪያው የሚደርሰው ግን በመስመር የተያያዘው ቤት ፍሳሽ ነው። ያልተያያዘው በሴፕቲክ ታንክ ይጠራቀማል፣ አለዚያ በድብቅ ቱቦ ወደ ዝናብ ውሃ ቦይ ይለቀቃል። ቦዩ ወንዝ ይገባል። በወንዙ ዳር ገበሬዎች ጎመን፣ ሰላጣና ካሮት በዚያ ውሃ ያለማሉ፤ አትክልቱ ተመልሶ ወደ ከተማዋ ገበያ ይወጣል። ወንዙ ወደሚገባበት አባ ሳሙኤል ብንወርድ ደግሞ ለ6.6 ሜጋ ዋት መብራት ተብሎ የተገደበው ሐይቅ በደለልና በእምቦጭ ተይዟል። እምቦጭ የሚፋፋው ከተማዋ በምትሰደው ፍሳሽ ውስጥ ባለው ማዳበሪያ መሰል ንጥረ ነገር ነው።

ስለዚህ ቤት ሲነደፍ የመጀመሪያው ጥያቄ ሳሎኑ ስንት በስንት ይሁን መሆን የለበትም። ፍሳሹ የት ይሄዳል? የልብስና የሳህን ውሃ ከመጸዳጃው ውሃ ይለይ? ሴፕቲክ ታንኩ ለመምጠጫው መኪና ይቀርባል? ከጉድጓድ ውሃ ይርቃል? ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ሲሠራ የሚፈጀው አንድ ከሰዓት ነው። ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን መፍረስ ይጠይቃል።

ድስቱ የት ይጣዳል?

እስካሁን ስለ አፈር፣ ስለ ውሃና ስለ ፀሐይ አወራሁ። ስለ ሰው ያስተማሩኝ ግን የሰፈሬ እናቶች ናቸው።

የሰፈራችን ዕድር ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን የሚያስቀምጥበት ቤት በአሮጌ ቆርቆሮ የተሠራች ጎጆ ነበረች። ክረምት በመጣ ቁጥር ድንኳኑ ይሻግት ነበር። ገንዘብ ሲጠራቀም አዳራሽ እንዲሠራ ተወሰነና ንድፉን እኔ በነጻ ላወጣ ቃል ገባሁ። ሁለት ሳምንት ሠርቼ ይዤ ሄድኩ። ፊቱ ወደ መንገድ፣ ማለት ወደ ምዕራብ፣ ሰፊ መስታወት ነበረው። አማረልኝ ብዬ ነበር።

የዕድሩ ሊቀ መንበር አመሰገኑኝ። ከኋላ የተቀመጡት አንዲት እናት ግን እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ቤቱስ ያምራል፤ እጅሽን ይባርከው» አሉኝ። «ግን ለቅሶ ላይ ሦስት መቶ ሰው ሲመጣ ድስቱ የት ነው የሚጣደው? ጭሱስ በየት ይወጣል?»

ሌላዋ ቀጠሉ። «ሽንኩርት ስንልጥ የምንቀመጠው ጥላ ላይ ነው። ይሄ መስታወት ከሰዓት በኋላ አያስቀምጠንም።»

አንድ በምርኩዝ የሚሄዱ አባት ደግሞ፣ «እኔ እነዚህን ደረጃዎች እንዴት ነው የምወጣቸው?» አሉ።

ከትምህርት ቤት ጀምሬ ያወቅሁትን የፀሐይ ሕግ፣ በሙያዬ የማውቀውን የሕንፃ አዋጁን የአካል ጉዳተኞች መተላለፊያ ግዴታ፣ ሁሉንም እያወቅሁ ለመንገዱ ፊት ስል ረስቼው ነበር። እነሱ ግን ከኑሯቸው አልረሱትም። በኮንዶሚኒየም መንደሮች ውስጥ በየብሎኮቹ መካከል የጋራ መገልገያ ቤቶች የተሠሩት ለዚሁ ነበር፦ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት። አራተኛ ፎቅ ላይ በርበሬ ማስጣትና ቅቤ ማንጠር እንደሚያስቸግር የኖረበት ያውቀዋል። የጋራ ቤቱ ተዘግቶ ወይም ለሌላ ሥራ ውሎ ባየሁ ቁጥር፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝበት አንድ በር እንደተዘጋ ይሰማኛል። ሕንፃ የሰዉን ማኅበራዊ ኑሮ ካልያዘ፣ ሰዉ ወይ ኑሮውን ይተዋል፣ ወይ ሕንፃውን ያፈርሰዋል።

ንድፉን እንደገና አወጣሁ፤ በዚህ ጊዜ እናቶቹ አጠገቤ ተቀምጠው። አዳራሹ ጀርባውን ወደ ምዕራብ ሰጠ፤ በዚያ በኩል ማዕድ ቤቱና ዕቃ ቤቱ ሆኑ፣ ማዕድ ቤቱ ጭስ መውጫ ያለው፣ ሰፊና ክፍት ነው። በሰሜን በኩል ሰው ለቅሶ የሚቀመጥበት ረጅም በረንዳ ተሠራ። ደረጃው ቀርቶ የሚያዘቀዝቅ መውጫ ተሠራ። መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አውጥተን በገረጋንቲ የተሞላ ነው፤ ከላዩ የአካባቢያችን ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ የፑሚስ ብሎኬት። የውስጡን መከፋፈያ ግን ሁለት አዛውንት መራጊዎች ከወጣቶች ጋር ሆነው በጭቃ ሠሩት፤ ልጆቹ ጭቃ መርገጥን የተማሩት ያኔ ነው። እሑድ እሑድ አባላቱ በጉልበት መጡ። የወጣውን ጥቁር አፈር ከጓሮ ደለደልነው፤ ዛሬ ጎመንና ቆስጣ አለበት። 120 ካሬ ሜትር ጣሪያው በአሸንዳ ተይዞ ወደ ሁለት ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ይገባል። ድንኳኑ ደርቋል፣ የለቅሶው ድስት የሚታጠበው በዝናብ ውሃ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። በመጀመሪያው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ሌሊት ዝናቡ በረታ። ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ከአዳራሹ በታች በኩል የሚኖር ጎረቤታችን ነበር፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦታል።

«እንደምን አደርሽ፣ እህቴ» አለኝ። «ውሃችሁ ቤቴ ገባ።»

ሄጄ አየሁ። ሮቶዎቹ ሞልተዋል፤ የትርፉ መውጫ ቱቦ ጠባብ ስለነበር ውሃው በአሸንዳው ላይ ፈስሶ፣ በግቢያችን ተዳፋት ወርዶ፣ በቀጥታ ወደ እሱ ግድግዳ ሄዷል። የልጆቹ ፍራሽ ደጅ ተሰጥቷል። ያን ቱቦ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ግርጌ ሆኜ ራስጌውን ስወቅስ ኖሬ፣ በአንድ ሌሊት እኔ ለእሱ ራስጌ ሆንኩበት። ያኔ የተሰማኝ ኀፍረት ከማንኛውም ትምህርት በላይ አስተምሮኛል።

በዚያው ሳምንት ዕድሩ ፍራሹን ተካለት፣ ግድግዳውን አደሰለት። እኔ ቱቦውን በእጥፍ አሰፋሁት። ከእሱ ጋር ሆነን ግቢውን በእግራችን ለካነው፤ ውሃው የት እንደሚያልፍ ያሳየኝ እሱ ነው፣ በዚያ መሬት ሰላሳ ክረምት አሳልፎበታልና። በድንጋይ የተሠራ ቦይ ከሮቶው ተነሥቶ በአትክልቱ ዙሪያ ዞሮ፣ ከእሱ ግድግዳ በጣም ርቆ እንዲሄድ አደረግን። ቀጣዩ ከባድ ዝናብ ሲመጣ ሁለታችንም ጃንጥላ ይዘን ወጣን፤ ቦዩ አፍ ላይ ቆመን ጠበቅን። ውሃው መጣ፣ ጎመኑ ሥር ተኛ፣ ትርፉ ቀስ ብሎ ወደ መንገዱ ቦይ ወረደ። እሱ ወደ ቤቱ አጥር ሄዶ መሬቱን በጫማው ረገጥ ረገጥ አደረገና፣ «ደረቅ ነው» ብሎ ጮኸልኝ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ንድፍ ሲሰጠኝ፣ ከባለቤቱ ጋር ከተነጋገርኩ በኋላ በተዳፋቱ እወርድና ከታች ያለውን በር አንኳኳለሁ። ሰኔ ላይ ውሃው የት እንደሚተኛ እጠይቃለሁ።